መካኒኩ ገብቷል?

የአገራችን አየር መንገድ አርማ ንስር ነበር ይላሉ። ውሸት ነው። ዶሮ ነበረች። በእርግጥ የታዘዘው ንስር ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላኖቹን የቀባው ሰውዬ ከዚያ በፊት የሥጋ ቤትና የፀጉር ቤት ሰሌዳ እንጂ ሌላ ነገር ቀብቶ አያውቅም፤ ንስርም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ጅራታቸው ላይ የወጣችው ወፍ ደረቷ ወፈር፣ አንገቷ አጠር ያለ፣ እህል ልትለቅም የምትንደረደር ዶሮ ሆነች። ሰው ሁሉ አየር መንገዱንም አውሮፕላኑንም «ዶሮዋ» ይል ነበር። «በምን ልትሄድ ነው?» ይባላል። «በዶሮዋ።» «ታዲያ ተናዝዘሃል?»

ያሉን ሁለት አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ሰው አገር አርጅተው፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የተገዙ ናቸው። አንደኛዋ ትበራለች፣ ሁለተኛዋ ቆማ መለዋወጫ ትለግሳታለች። አባቴ ዋናው መካኒክ ነበር፤ ከቆመችው እየፈታ ለምትበረው ይገጥማል። የከተማው ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ቢያሾፍም፣ ዶሮዋ ከጣሪያ በላይ ስታልፍ ሥራውን አቁሞ ቀና የማይል አልነበረም። እኔማ አንገቴ እስኪያመኝ ነበር የምከተላት። አባቴ የሚጠግናት፣ አጎቴ የሚያበራት ናት። የኔ ንብረት አድርጌ ነበር የማያት።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ካፒቴን ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ረዳቴ» ይለኛል፣ ረዳት አብራሪዬ ለማለት። ቤታችን ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ እኔ ራስ ላይ ይደፋዋል፤ ዓይኔን ሸፍኖ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል፣ ውስጡ የሽቶና የፀጉር ቅባት ሽታ አለው። «ረዳቴ፣ የአየሩ ሁኔታ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ጥርት ያለ ነው፣ ካፒቴን!» እላለሁ ከኮፍያው ስር። አባቴ ይህን ሲያይ ፈገግ ብሎ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። አባቴ ሁልጊዜ እጁን እየታጠበ ነበር፤ የነዳጅ ሽታው ግን አይለቅም። ልጅ ነበርኩ፤ ሽቶ የሚሸተውን ሰው ከነዳጁ አስበልጬ መውደዴ አይገርምም።

ዶሮዋ አንድ ልማድ ነበራት፤ ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። አየር መንገዱ የተከፈተ ቀን ተሳፋሪው ሁሉ ደረጃው ስር ደርሶ እምቢ አለ አሉ። በየዋህነት ትኬት የቆረጠው ሰው፣ አውሮፕላኗን ከነዶሮዋ ሲያያት ልቡ ከዳው። ያን ጊዜ አባቴ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደያዘ ቀድሞ ገባና የፊተኛው መስኮት ጋ ቁጭ አለ። «የፈታት የገጠማት ሰውዬ ራሱ ከገባ» ብለው ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ሞተር ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር፣ በመጀመሪያው በረራ ላይ የገጠመው መካኒክ ቀድሞ ገብቶ እዚያው መስኮት ጋ ይቀመጣል። ተሳፋሪው ደረጃው ስር ቆሞ «መካኒኩ ገብቷል?» ብሎ ሳይጠይቅ እግሩን አያነሳም። ትኬት ቆራጯ «ገብቷል፣ ያውላችሁ!» ትላለች፤ አባቴ በመስኮቱ እጁን ያወዛውዛል። መሪም ሆነ ነጋዴ፣ ሁሉም አባቴን አይቶ ነው የሚገባው።

አባቴ ደግሞ ሰማይ አይወድም ነበር። መሬት እስኪረግጥ ድረስ የወንበሩን እጀታ አንቆ እንደሚይዝ ጋሼ እያስመሰለ ሲያሳየን በሳቅ እንሞታለን።

አየር መንገዱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ጥቂት ሲቀረው፣ ዶሮዋ ሰማይ ላይ ሳለች ተንቀጠቀጠች። ጋሼ በሰላም አሳረፋት። ግን ውስጧ የነበሩት ሰዎች ወሬውን ለከተማው አዳረሱት፤ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ «ከእንግዲህ በእግሬ ልሙት እንጂ» ብላ ማለች። ተሳፋሪ ጠፋ። ይህ የሆነው ደግሞ በክፉ ጊዜ ነው፤ ለበዓሉ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። ዶሮዋ ሰው ጭና ስትነሳ ካዩ ሻል ያሉ አውሮፕላኖች በእርዳታ ይሰጡናል፣ ባዶዋን ካዩ ግን ፋይሉን ዘግተው ይሄዳሉ ይባል ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ አጣ። ጋሼም ሳቁን ቀነሰ።

አንድ ቀን እናቴ የአባቴን ምሳ አስይዛ ላከችኝ። የአውሮፕላኑ መጠገኛ እንደ ትልቅ መጋዘን ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው በፀሐይ ሲሞቅ ጠሽ ጠሽ ይላል። አባቴ መሰላል ላይ ቆሞ የግራው ሞተር ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቷል። ከሞተሩ ጀርባ ያለ አንድ ወፍራም ብረት ላይ ቀይ ቀለም በጨርቅ ይቀባል። ከዚያ ወለወለው። ደህና አድርጎ፣ ምንም ቀይ እስከማይቀር ድረስ። ከዚያ ነጭ ዱቄት ነፋበት። ጋሼ መሰላሉ ስር እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«ና ውጣና እየው» አለ አባቴ።

ጋሼ ወጣ። እኔም ሾለክ ብዬ በሌላው መሰላል ወጣሁ። ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ እያለች ብቅ አለች።

«ይቺን ነው?» አለ ጋሼ። «ፀጉር እኮ ናት!»

«ፀጉር ናት። ሞተሩን ክንፉ ላይ ያንጠለጠለው ግን ይኼው ብረት ነው።»

«ከዚያችኛዋ ፍታና ቀይረው ታዲያ።»

«የዚያችኛዋ ቀድሞ ተሰንጥቋል። ለምን የቆመች መሰለህ? ከውጭ ማስመጣት ነው።»

«በዓሉ ደርሷል እኮ፣ አንተ ሰው! አንዴ ብቻ። ሄዶ መመለስ። አንዴ አይችልም?»

«እሱን እኔም አላውቅም፣ አንተም አታውቅም። ብረቱ ነው የሚያውቀው።» አባቴ እጁን በጨርቁ ጠረገ። «እኔ አልቀመጥበትም። እኔ ካልተቀመጥኩበት ደግሞ ማንም አይቀመጥበትም።»

ጋሼ ከመሰላሉ ወርዶ፣ ኮፍያውን አንስቶ፣ እኔን እንኳ ረዳቴ ሳይለኝ ወጣ። በጣም ተናደድኩ። በጋሼ አይደለም፣ በአባቴ። ምክንያቱም ቀዩን ቀለም ሲቀባ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ! ራሱ ቀብቶ፣ ራሱ ጠርጎ፣ ሳይጠረግለት የቀረውን መስመር ደግሞ ስንጥቅ ነው ብሎ ጋሼን ያስጨንቀዋል። በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ለጋሼ ስለሆነ ቀንቶ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ግልጽ ነገር ምን ይጠየቃል?

አድጌ፣ ለስላሳ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ፣ አንድ ከሰዓት ቴክኒሻኑ የእንፋሎት ቧንቧ ሲመረምር አገኘሁት። ቀይ ቀባ፣ ጠረገ፣ ነጭ ነፋ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ስንጥቅ ካለ ቀዩን ይጠጣዋል» አለኝ፤ «ላዩን ጠርገሽ ዱቄቱን ስትነፊበት የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ እንዲህ ነው የምናወጣው።» አመስግኜው ወጣሁና ጠርሙስ የሚደረደርበት ግቢ ውስጥ፣ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል ያኔ።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ ነገሩን ለእናቴ ሲያስረዳ ትዝ ይለኛል። ዳቦ ቆርሶ በሁለት ጣቱ ከጠረጴዛው በላይ አንጠልጥሎ ያዘ። «ሲነሳ ነው ችግሩ» አለ፤ «ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው። ሞተሩ ወደፊት ይጎትታል፣ ክንፉ ይይዘዋል፤ መሀል ላይ ያለው ይቺ ብረት ናት።» ዳቦውን ለቀቀው። ሳህኑ ላይ ወደቀ። እናቴ እየተመላለሰች ማድ ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ውሃ ታመጣለች።

«ሥራህንስ?» አለች ከማድ ቤት።

«ሥራዬ ይኼው ነው» አለ አባቴ፣ ዳቦውን እያነሳ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መኪናውን ከነሾፌሩ ላከልን። ከውጭ የታዘዘው ብረት ጉምሩክ ደርሷልና ሄደህ ተረከብ፣ ዛሬ ባይደርስም ነገ ትገጥመዋለህ፣ በረራውን ለነገ አዛውረነዋል ተባለ። አባቴ ፊቱ በራ። እያፏጨ ጫማውን አሰረ፤ አባቴ ሲያፏጭ በዕድሜዬ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ጉምሩክ ውስጥ ምንም ዕቃ አልነበረም። በረራውም አልተዛወረም።

የእሱ መኪና ከዓይን እንደራቀ እናቴ ገላዬን አጠበችኝ። ቢጫውን ቀሚሴን አለበሰችኝ፤ ፀጉሬን ጠበቅ አድርጋ አሲዛ ሪባን አሰረችልኝ። ትምህርት ቤት የምሄድ መስሎኝ ነበር።

«ዛሬ ከጋሼ ጋር ትበሪያለሽ» አለችኝ።

ጮህኩ። ዘለልኩ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ስሚኝ» አለችኝ ትከሻዬን ይዛ። «አባትሽ ከትምህርት ቤት መቅረትሽን ሲሰማ ይቆጣል። እኔ እንዳለበስኩሽ እንዳትነግሪው። ጋሼ ከትምህርት ቤት ወሰደኝ በይ። እሺ?»

«እሺ!»

ለዚያ በረራ ብላ ጨረቃን ሰረቅሁ በይ ብትለኝም እሺ እል ነበር። ጋሼ በር ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ሲያሰማ ሮጬ ወጣሁ። እናቴ ከበሩ አላለፈችም፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማ አየችን።

ሜዳው በባንዲራ አጊጧል። ሙዚቀኞች ይነፋሉ። እንግዶቹ ከዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ ያስተናግዳቸዋል። ተሳፋሪ የሚባሉት ደግሞ ደረጃው ስር ሻንጣቸውን ይዘው ተፋፍገዋል፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ታዘው የመጡ። ማንም አንድ እርከን አልወጣም።

«መካኒኩ ገብቷል?» አሉ።

ትኬት ቆራጯ መሬት መሬት ታያለች።

«ገብቷል ወይስ አልገባም፣ እመቤት? እኛ ልጆች አሉን እኮ!»

ያን ጊዜ ጋሼ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። የደንብ ልብሱ አዲስ ነው፤ ቁልፉ ጭኔን ወጋኝ። «መካኒኩ የበዓል ሥራ በዝቶበት ከተማ ሄዷል» አለ በሚያምር ድምፁ። «ግን ይቺን ልኳል። አንድ ልጁን! አባት ልጁን ያስቀመጠበት ወንበር፣ እናንተ ትፈሩታላችሁ?»

«የመካኒኩ ልጅ ናት?» አለ አንዱ።

«እሷ ናት፤ አውቃታለሁ» አለች አንዷ። «ግንባሯ ቁርጥ እሱን!»

ጋሼ ተሸክሞኝ ወጣ፤ የአባቴ መስኮት ጋ አስቀመጠኝ። «እጅሽን አወዛውዢላቸው» አለኝ በጆሮዬ። አባቴ እንደሚያደርገው አወዛወዝኩ። ሰዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ሻንጣውን አነሳ፤ ሌላው ተከተለው። እየተጋፉ ገቡ። ሲያልፉ ጉንጬን ይነካሉ፣ «ጎበዝ» ይሉኛል። እንግዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ጭብጨባው የኔ መሰለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

ስንነሳ የግራው ሞተር ከመስኮቴ ማዶ ነበር። ጮኸ፣ ወንበሬ ከኋላ ተገፋ፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ፤ ከዚያ ሆዴ ቀረና እኔ ወጣሁ። ቤታችንን አየሁት። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ አየሁ። ወንዙን ያየሁት እንኳ ያኔ ነው፤ ከታች ሆኜ ወንዝ እንዳለን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላየሁም። ይህ ነው ዛሬም የሚያቃጥለኝ።

ትንሽ እንደበረርን ጋሼ ወደ ፊተኛው ክፍል አስጠራኝ። ጭኑ አጠገብ አቆመኝ። ሰዓት የሚመስሉ ክቦች፣ መዘውሮች፣ ከፊታችን ሰማይ ብቻ። ወዲያው ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፣ የአባቴ ድምፅ ወጣ።

«ካፒቴን፣ ይሰማል?»

አባቴ ጋሼን ካፒቴን ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

«ይሰማል» አለ ጋሼ።

«ልጄ አለች?»

«አለች። አጠገቤ ናት። ደስ ብሏታል።»

ሬዲዮው ብቻውን ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አባቴ፣ ለኔ የቤት ሥራ ሲያስረዳኝ በሚያወራበት አወራር፣ ረጋ ብሎ፣ «የግራውን ጉልበት ቀንስለት። ቀስ ብለህ» አለ። «ከዚህ ከፍታ በላይ አትውጣ። ስትዞር በሰፊው ዙር። ስታርፍም ቢሆን ከግራው ምንም አትጠይቀው፤ በቀኙ ጨርስ።»

«እሺ» አለ ጋሼ። እጁ መዘውሩን ቀስ እያለ ሳበው። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ፤ ሙቀቱ ነው ብዬ በመሐረቤ ጠረግሁለት።

«አባዬ!» አልኩ ወደ ሬዲዮው ተንጠራርቼ። «እየበረርኩ ነው!»

«አየሁሽ፣ እናቴ። ሂጂ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪና ቀበቶሽን እሰሪ።»

ታረቁ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ጋሼን ካፒቴን አለው፣ ጋሼም እሺ አለው፤ እኔ መሀላቸው ሆኜ አስታረቅኋቸው። ቀበቶዬን አስሬ ለራሴ ዘፈንኩ።

የዚያን ቀን መሬት ላይ የሆነውን የነገረችኝ ትኬት ቆራጯ ናት፣ ስታረጅ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባቴ ከጉምሩክ ባዶ እጁን ተናዶ ሲመለስ ሜዳው ባዶ ነው፣ ሙዚቀኞቹ ጥሩምባቸውን ይሸክፋሉ። «ሰው እንዴት ገባላቸው?» አላት። «ማንን አይቶ?» «ልጅህን» አለችው። አልጮኸም አለችኝ። ግድግዳውን በእጁ ይዞ ቆመ፣ ከዚያ የመቆጣጠሪያ ማማውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። ሬዲዮውን ሲይዝ ሌላውን እጁን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው አለች። ልጁን ሰማይ ላይ ያንጠለጠለበትን ሰው መስደብ አይችልም። መለመን ብቻ ነው፤ እሱንም የሥራ ንግግር አስመስሎ።

እኛ በሰላም አረፍን። እንደዚያ ለስላሳ ያረፍኩበት አውሮፕላን አላውቅም። የዚያኛው ከተማ ሰዎች ብስኩትና አበባ ሰጡኝ። የምንመለሰው በማግስቱ ስለነበር ጋሼ ጋ አደርኩ፤ ጠዋት ሜዳው ስንደርስ የሚመለሱት ተሳፋሪዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና አቧራውን ይዞ ከች አለ። አባቴ ከጋቢናው ወረደ። አቧራ ቅንድቡን ነጭ አድርጎታል፤ አሥር ዓመት ያረጀ መሰለኝ።

ጋሼን ዘወር ብሎም አላየው። ተሰልፈው ወደ ቆሙት ሰዎች ሄደ። «መካኒኩ እኔ ነኝ» አላቸው። «እኔ አልገባሁም። ልጄንም እኔ አላስገባኋትም።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ሻንጣቸውን አነሱ።

አባቴ እጄን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ መኪና ሲወስደኝ ጩኸቴን ለቀቅሁት። «ጋሼ! ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። ጋሼ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ አውሮፕላኑ ዞረ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። አባቴ አፌን በእጅጌው ይጠርግልኛል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

«ትቀናለህ!» አልኩት። «ስለምትፈራ ነው የምትቀናው!»

ሾፌሩ ሳቀ፤ አባቴ አልሳቀም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ማነው የወሰደሽ?» አለኝ።

«ጋሼ። ከትምህርት ቤት።»

ራሱን ነቀነቀ። ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ።

ጋሼ ባዶዋን ዶሮ ብቻውን አብርሮ ተመለሰ። ምንም አልሆነችም! ስለዚህ ከተማው ፈረደ፤ አባቴ ፈሪ ነው፣ ጋሼ ጀግና ነው። እንግዶቹ ሰው ጭና ስትነሳ አይተዋልና አውሮፕላኖቹ ተሰጡን፤ አየር መንገዱ እስከዛሬ ያለው በዚያ ነው። አባቴ የአየር መንገዱን ስም አጉድፏል ተብሎ ተባረረ። የተሰነጠቀውን ብረት ከወራት በኋላ ሌላ መካኒክ ቀየረው አሉ። አባቴ እስኪሞት የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ኖረ። ጋሼን ደጃችንን እንዳይረግጥ ከለከለው፤ እናቴን ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግሯት አያውቅም። «ወንድሟ ባጠፋ እሷ ምን አደረገች» ይል ነበር። ልጁን ከትምህርት ቤት እንደሰረቁበት አምኖ ሞተ።

ባለፈው ዓመት የአየር መንገዱ ትልቅ በዓል ተከበረ። እናቴና እኔ ተጠርተን ሄድን፣ የካፒቴኑ ቤተሰብ ተብለን። አዳራሹ ውስጥ የቀድሞ አውሮፕላኖቻችን ፎቶ በትልቁ ይታያል፤ ዶሮዋን አስተካክለው ንስር አድርገዋታል። ጋሼ ከዘራውን ተደግፎ መድረክ ላይ ወጣ። ድምፁ አሁንም ያምራል።

«ተሳፋሪው እምቢ አለ» አለ። «መካኒኩ ፈርቷል። እንግዶቹ ቁጭ ብለው ሰዓታቸውን ያያሉ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የመካኒኩን ልጅ ጫንኳት!» አዳራሹ ሳቀ። «እሷን አይተው ተከተሉኝ፤ በጎች እንኳ እንደዚያ አይከተሉም። እግዜር ይስጣት፣ እህቴ ራሷ ነች አጥባ፣ አልብሳ የሰጠችኝ። ያቻት፣ እዚያ የተቀመጠችው! ልጅቷም አጠገቧ ናት፣ ረዳቴ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበልን። እናቴ በፈገግታ ጎንበስ አለች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሲያጨበጭቡልኝ ሁለተኛዬ ነው፤ በአንድ ሥራ።

ጋሼ ያደረገውን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። እናቴን ግን ሁልጊዜ ለብቻ አስቀምጫት ነበር። አባቴ ዳቦውን አንጠልጥሎ ሲያስረዳ እሷ ማድ ቤት ነበረች፣ አልሰማችም፤ ወንድሟ ሸውዷታል፤ ለሽርሽር የላከችኝ መስሏት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ቤቷ አድርሻት፣ ወንበሯ ላይ አስቀምጫት፣ እግሯ አብጦ ስለነበር ጫማዋን ላወልቅላት ተንበረከክሁ።

«እማዬ፣ የስንጥቁን ነገር ታውቂ ነበር?»

«የቱን ስንጥቅ?»

«የሞተሩን። አባዬ ምሳ ላይ የነገረሽን። ማድ ቤት ነበርሽ እኮ።»

«ማድ ቤት ጆሮ ይደፍናል እንዴ?» አለች። «ሰምቻለሁ እንጂ።»

የጫማዋ ማሰሪያ አልፈታ አለኝ።

«ታዲያ እንዴት ሰጠሽኝ?»

«ለአባትሽ ብዬ ነው። ወንድሜ ለመነኝ። ‹ባልሽ እምቢ ካለ ይባረራል፤ ልጅቷ ከተቀመጠች ግን እሱ እንደፈቀደ ይቆጠራል፣ ሥራው ይተርፍለታል› አለኝ።»

«ተባረረ እኮ፣ እማዬ!»

«እሱማ እዚያ ድረስ ሄዶ ባያወርድሽ ማን ያባርረው ነበር? ዝም ቢል አልፎ ነበር።»

«ብወድቅስ?»

«አልወደቅሽማ! ይኸው አለሽልኝ አይደል?» ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ድካም ቢኖርባትም ደስ ብሏት ነበር፤ ጭብጨባው ገና ፊቷ ላይ አለ። «ወንድሜማ ሁለታችሁም ኑ ነበር ያለኝ። የመካኒኩ ሚስትም አብራ ከገባች ይበልጥ ያምናሉ ብሎ፣ ካንቺ ጎን ያለውን ወንበር አስይዞልኝ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። «አንቺ ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

«ውይ፣ እኔማ ፈራኋ!» አለችኝ።